የርችት አምሳያ የልጆች የእጅ ሥራ

የርችት አምሳያ የእጅ ሥራ ልጆች ያለ ባሩድና ያለ እሳት የርችትን መልክ በወረቀት፣ በቀለም፣ በአገዳ ወይም በውሃ የሚያሳዩበት ቀላል የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ለአዲስ ዓመት፣ ለመስቀልና ለሌሎች በዓላት ቤት ለማስጌጥ፣ ለጎረቤት ስጦታ ለመስጠት ወይም በትምህርት ቤት ስለ ብርሃን፣ ስለ ድምፅና ስለ ቀለም ለማስተማር ያገለግላል። በሰሜን ሸዋ ዞን በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው ከቤት፣ ከገበያና ከማሳ ይገኛል።

ርችት እንዴት ይሠራል

ርችት የተጀመረው በቻይና ነው። መሠረቱ ባሩድ ሲሆን ባሩድ የፖታሲየም ናይትሬት፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ነው። ድብልቁ ሲቀጣጠል በቅጽበት ብዙ ትኩስ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ማሸጊያውን ሰብሮ ይፈነዳል።

በሰማይ ላይ የሚታየው ቀለም የሚመጣው ከልዩ ልዩ ብረት አስተኔ ንጥረ ነገሮች ነው። ስትሮንቲየም ቀይ፣ ባሪየም አረንጓዴ፣ ሶዲየም ቢጫ፣ መዳብ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ቀለም የሚሰጡት ትናንሽ እንክብሎች በሚፈነዳው ባሩድ ዙሪያ ስለሚደረደሩ ፍንዳታው ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበትናቸዋል። ርችቱ ከሩቅ ሲታይ የተከፈተ አበባ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድምፁ ከብርሃኑ ዘግይቶ ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የፈነዳ ርችት ብልጭታው ወዲያው ሲታይ ድምፁ የሚደርሰው ከ3 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው።

ስለዚህ ርችት ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፤ እነሱም ብርሃን፣ ከመሃል ወደ ዳር የሚበተን ቅርጽና ድምፅ ናቸው። የልጆች የእጅ ሥራ በአብዛኛው የሚወስደው ሁለተኛውን፣ ማለትም ቅርጹን ነው።

በኢትዮጵያ ልማድ

እነዚህ ሦስት ነገሮች ከፋብሪካ ርችት ውጭ በኢትዮጵያ የበዓል ልማድ ውስጥም ይገኛሉ።

ብርሃኑ የችቦ ነው። በቡሄ፣ በእንቁጣጣሽና በመስቀል ሰሞን ደረቅ እንጨት ታስሮ ችቦ ይበራል። የመስቀል ደመራ መስከረም 16 ቀን ሲለኮስ ፍንጣሪው ወደ ሰማይ ይወጣል።

ድምፁ የጅራፍ ነው። ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው የቡሄ በዓል ሰሞን ወንዶች ልጆች የገመዱትን ጅራፍ ያጮሃሉ። ጅራፍ ሲወነጨፍ እንቅስቃሴው ከወፍራሙ ጫፍ ወደ ቀጭኑ እየተላለፈ ፍጥነቱ ይጨምራል። በመጨረሻም ቀጭኑ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል፤ የሚሰማው ጩኸትም ከዚህ የሚመጣ የአየር ድንጋጤ ነው። ጅራፍ ያለ አንዳች ባሩድ እንደ ርችት የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ቅርጹ ደግሞ በእንቁጣጣሽ ስዕል ላይ ይታያል። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ የሣሉበትን ወረቀት ለጎረቤት ያድላሉ። ተቀባዩም ጥቂት ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ከመሃል ክብ ጀምሮ ቅጠሉ ወይም ጨረሩ በዙሪያው የተዘረጋ ስዕል ከርችት ቅርጽ ጋር አንድ ነው። አበባ መሣል የሚችል ልጅ ርችት ለመሣል ብዙ አይቸገርም።

ሸዋ ሮቢትና ይፋት

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። መንገዱ ከጣርማ በር ከፍታ በደብረ ሲና በኩል ወርዶ ይደርስባታል። በአካባቢው ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በጉርብትና ይኖራሉ፤ የእጅ ሥራው ከየትኛውም እምነት ጋር ስላልተያያዘ ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለዒድ ቤት ማስጌጫ ይሆናል። የይፋት ቆላ ማሽላ አብቃይ በመሆኑ አገዳ በየግቢው አይጠፋም፤ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትም በገበያ በብዛት ይገኛል።

ድምፅ አልባ የሆነ ርችት ለዚህ አካባቢ ልጆች ሌላም ጥቅም አለው። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው ግጭት ተከሥቶ ነበር፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከተማዋ ድረስ ዘልቋል። የርችት ድምፅ ከተኩስ ድምፅ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ተኩስ የሰማ ልጅ ድንገተኛ ፍንዳታ ሲሰማ ሊደነግጥና ያለፈውን ሊያስታውስ ይችላል። በወረቀት ላይ የሚበተን ቀለም የበዓሉን ደስታ ያለ ድንጋጤ ያመጣል።

ቀላል ሥራዎች

የሽንኩርት ማኅተም። አንድ ቀይ ሽንኩርት በወገቡ አግድም ለሁለት ሲከፈል አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ክቦች ይታያሉ። ቢላውን የሚይዘው ትልቅ ሰው ነው። የተቆረጠው ገጽ በጨርቅ ከደረቀ በኋላ ወፈር ያለ የውሃ ቀለም ይቀባና ወረቀት ላይ ይታተማል። ቀለሙ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ስንጥር ከመሃል ወደ ውጭ መስመር መስመር ሲጎተትበት ክቡ ወደ ርችት ይለወጣል። ቀለም ከሌለ እርድ በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ ቢጫ፣ የተፈጨ ቀይ ሥር ደግሞ ቀይ ይሰጣል።

የሚነፋ ቀለም። በውሃ የቀጠነ ቀለም በወረቀት መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ይደረጋል። ከዚያ በለስላሳ መጠጫ ስትሮ ከላይ ወደ ታች ይነፋል። አየሩ ቀለሙን በየአቅጣጫው ስለሚገፋው ቀጫጭን ጨረሮች ይፈጠራሉ። ወረቀቱን እያዞሩ መንፋት ጨረሮቹን እኩል ያደርጋቸዋል። ሁለተኛው ቀለም የሚጨመረው የመጀመሪያው ሲደርቅ ነው፤ አለበለዚያ ቀለሞቹ ተቀላቅለው ይደፈርሳሉ። ልጁ ትንፋሹን ወደ ውጭ ብቻ እንዲያወጣ አስቀድሞ ይነገረዋል።

የተፋቀ ሌሊት። ጠንካራ ወረቀት በቢጫ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሰም ቀለም (ክራዮን) ነጭ ቦታ እስከማይቀር ድረስ ይሞላል። በላዩ ላይ ጥቁር ክራዮን ተጭኖ ይቀባል። ከዚያ ጫፉ በዶለዶመ እንጨት ከአንድ ነጥብ እየተነሡ ጥቁሩን ሲፍቁት ከሥር ያለው ቀለም በጨለማ ሰማይ ላይ እንደሚበተን ብርሃን ብቅ ይላል። ልጁ በየትኛው ቀለም ላይ እንደሚፍቅ ስለማያየው ውጤቱ ለራሱም አዲስ ነው።

የአገዳ ርችት። የደረቀ የማሽላ አገዳ ልጣጩና ውስጡ ይለያሉ። ውስጡ ነጭና ለስላሳ በመሆኑ ስንጥር በቀላሉ ይገባበታል። ከዚሁ ለስላሳ ክፍል ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ እንደ መሃል ያገለግላል። ከልጣጩ የተሰነጠቁ ቀጫጭን ስንጥሮች በዙሪያው በሁሉም አቅጣጫ ይሰካሉ፤ በየጫፋቸው ባለቀለም ክር ወይም የተቀደደ ወረቀት ይታሰራል። በክር ሲንጠለጠል በነፋስ ይሽከረከራል። የአገዳ ልጣጭ እንደ ምላጭ እጅ ስለሚቆርጥ መላጡና መሰንጠቁ የትልቅ ሰው ሥራ ነው። በእንቁጣጣሽ ሰሞን የማሳው ማሽላ ገና አረንጓዴ ስለሆነ የሚያስፈልገው ካለፈው ዓመት ምርት የተረፈ ደረቅ አገዳ ነው።

የብርጭቆ ርችት። ብርጭቆ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ለብ ባለ ውሃ ይሞላል። በሌላ ዕቃ ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ከጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ጋር በሹካ ይመታል። ቀለሙ በዘይቱ ውስጥ አይሟሟም፤ በትናንሽ ነጠብጣቦች ይበታተናል እንጂ። ድብልቁ ቀስ ተብሎ በውሃው ላይ ሲፈስ ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። የቀለሙ ነጠብጣቦች ግን ከዘይት ስለሚከብዱ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ውሃውን ሲነኩም ሟሙተው ረጃጅም ጭራ እየጎተቱ ይበተናሉ። የዘይትና የውሃን አለመዋሐድ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቀላል ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ጥንቃቄ

ልጆች በራሳቸው ርችት ለመሥራት ከክብሪት ራስ ወይም ከጥይት ባሩድ ማውጣት የለባቸውም። በእጅ ተይዞ የሚበራው ትንሹ የሽቦ ርችት እንኳ ሲቃጠል ሙቀቱ 1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይደርሳል፤ ውሃ የሚፈላው ግን በ100 ዲግሪ ነው። ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎች ደግሞ ያልፈነዱ ተተኳሾች በማሳ፣ በወንዝ ዳርና በቁጥቋጦ ውስጥ ወድቀው ሊቀሩ ይችላሉ። ለእጅ ሥራው አገዳ ወይም እንጨት ሊለቅም የወጣ ልጅ የማያውቀውን ብረት ቢያይ ሳይነካውና ድንጋይ ሳይወረውርበት በመጣበት መንገድ ተመልሶ ለትልቅ ሰው መናገር አለበት። ነገሩን ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ማሳወቅ የአዋቂው ድርሻ ነው።

የደረቀ አገዳና ወረቀት በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ የተሠራው ጌጥ ከሻማ፣ ከምድጃና ከችቦ ርቆ ይሰቀላል። የዘይትና የቀለም ብርጭቆ ለመጠጥ አይሆንም። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ስንጥርና ትናንሽ ቁርጥራጮችን አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱ ብቻቸውን አይተዉም።

አጠቃቀም

በወረቀት የተሠሩት ለሁለት ታጥፈው የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ካርድ ይሆናሉ። የአገዳው ርችት በበር ወይም በመስኮት ላይ ይንጠለጠላል፤ ሳይረጥብ ከተቀመጠም ለገናና ለጥምቀት ይደርሳል። በክፍል ውስጥ መምህራን ሥራውን ከርችት ቀለሞች፣ ከድምፅ ፍጥነትና ከጅራፍ ጩኸት ጋር በማያያዝ እንደ ሳይንስ ትምህርት ሊጠቀሙበት ይችላሉ።