ባለ ሁለት በር ወይስ ባለ አራት በር? የጋምቤላ ቁልቁለት የሚያስተምረን

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ጋምቤላ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እባክህ ልጅህን ምከርልኝ» አለኝ። ልጅህ ያለው የራሱን የበኩር ልጅ ነው። ወንድሜ በከተማዋ ገበያ ትንሽ ሱቅ አለው። ከብዙ ዓመታት ቁጠባ በኋላ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ለቤተሰቡ መኪና ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ አጠራቅሟል። እናታችን ዕድሜዋ ገፍቷል። ዓይኗን ስለሚያማት በየጊዜው ጅማ ድረስ ወደ ሐኪም ትመላለሳለች፤ የአውቶቡሱ ጉዞ ግን አድክሟታል። የመኪናው ሐሳብ የመጣው ለእርሷ ሲባል ነው።

ልጁ መኪና እንዲያይ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ልቡን ግን አንዲት ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት የጀርመን ስፖርት መኪና ዘንድ ጣለ። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ» እያለ ያጣድፈዋል። የአባቱ ገንዘብ አይሞላምና ቀሪውን በወለድ ለመበደር አስቧል። እኔ ከ20 ዓመት በላይ በጋራዥ ሥራ ስለቆየሁ ዳኝነቱ ለእኔ ተሰጠ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ትልቁን ገንዘቡን የሚያወጣው ለመኪና ነው። ወጣቱ የሚያየው ውበትና ፍጥነትን፣ ወላጅ የሚያየው ዋጋን ነው። እስቲ ሁለቱንም ከሚኬድበት መንገድ ጋር አዛምደን እንመልከት።

ስፖርት መኪና ምን ጥቅም አለው?

ፍትሕ ያስፈልጋል፤ የወንድሜ ልጅ የወደደው መኪና ያለ ምክንያት የሚወደስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ቢኤምደብሊው «3 ሲሪስ» የተባለውን አነስተኛ የቅንጦት መኪና አወጣ፤ መጀመሪያ የቀረበውም ባለ ሁለት በር ሆኖ ነበር። በ1982 መርሴዲስ «190»ን በአራት በር ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ፣ ምቹና ፈጣን መኪና መሥራት የታላላቅ ፋብሪካዎች ፉክክር ሆኗል።

እነዚህ መኪኖች መንገድ አያያዛቸው ያማረ ነው። ወደ መሬት ዝቅ ስለሚሉ ክብደታቸው ታች ነው፤ ኩርባ ላይ ወደ ጎን አይንጋደዱም። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፋው ጎማ የኋላው በመሆኑ ክብደቱ በፊትና በኋላ በተመጣጠነ ሁኔታ ይከፈላል፤ የፊት ጎማዎች መሪውን ብቻ ይታዘዛሉ። ኩፔ የሚባለው ባለ ሁለት በር ደግሞ ጣራው ይበልጥ ዝቅ ያለ ነው። ባለ አራት በሩ በፍጥነት ትንሽ ቢያንስ እንኳ በአዘቦት መንገድ ላይ ልዩነቱን የሚለየው ልምድ ያለው ሾፌር ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለሁለቱ በሮች መቅረት የሚከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው የመልክ ዋጋ ነው።

የወንድሜ ልጅ ግን ክርክሩን አልተወም። «አጎቴ፣ እርስዎ ራስዎ መንገድ አያያዟ ጥሩ ነው ብለዋል። ፍሬኗም ጠንካራ ነው። ለዚያ ቁልቁለት ከእርሷ የተሻለ አለ?» አለኝ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

ቁልቁለቱ በቁጥር

ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በመቱና በጎሬ በኩል አልፎ በቡሬ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ጋምቤላ ከተማ ከ500 ሜትር ብዙም አትበልጥም። መኪናው 1500 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው።

ይህን ሸክም በቀላሉ ለመረዳት አንድ ስሌት እንሥራ። ከ1500 ሜትር ከፍታ የሚወርድ መኪና የሚለቀው ጉልበት፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲበር የነበረን ያንኑ መኪና 38 ጊዜ ያህል አቁሞ ከማስቀረት ጋር እኩል ነው። ከዚህ ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ በሙቀት ይበላዋል። ሾፌሩ እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ ከወረደ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይቱ ያረጀና ውሃ የጠጣ ከሆነ ደግሞ ይፈላል፤ ፔዳሉም ባዶውን ይወርዳል።

ስለዚህ ቁልቁለቱን የሚያሸንፈው የመኪናው ስም አይደለም። የቀድሞ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ዳገቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ የወጣ መኪና ሲመለስም በዚያው ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ለክፉ ቀን ይተርፋል። ፍጥነትም ሒሳብ አለው። ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያሳደገ ሰው ፍጥነቱን በእጥፍ ቢጨምርም ፍሬን ይዞ የሚቆምበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በፈጣን መኪና የሚወርድ ወጣት ደግሞ የመኪናው ጥራት ራሱ ያታልለዋል፤ 80 እየበረረ 50 ላይ ያለ ይመስለዋል።

ጎማው ምን ይላል?

የጋምቤላ ነዋሪ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ጠጠሩንና ጥቁሩን አፈር ይረግጣል። በክረምት ጭቃና ጎርፍ አለ፤ በበጋ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አብዛኞቹ ስፖርት መኪኖች ሆዳቸው ከመሬት የሚርቀው ከ11 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጫንባቸው ይህም ይቀንሳል። አንድ ሾጣጣ ድንጋይ የዘይት ቋቱን ከቀደደው ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ ይችላል።

የጎማውንም ጎን እናንብብ። እንደ ቪትዝ ባሉ ትንንሽ መኪኖች ላይ 175/65 አር 14 የሚል ጽሑፍ እናገኛለን። የጎማው ስፋት 175 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚህ 65 በመቶ፣ ማለትም ከ11 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው ማለት ነው። በስፖርት መኪና ላይ ደግሞ 225/40 አር 18 የተለመደ ነው፤ የጎኑ ቁመት 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አጭሩ ጎን ለስላሳ አስፋልት ላይ መሪውን ስል ያደርገዋል። ጉድጓድ ሲያገኘው ግን ድንጋጤውን የሚያበርድ አየር ስለሌለው ጎማው ይፈነዳል ወይም ቸርኬው ይጣመማል። ትንሿን ጎማ ማንኛውም ጎሚስታ ያውቃታል። ባለ 18ቷን ለማግኘት ግን አዲስ አበባ ድረስ መደወል ሊያስፈልግ ይችላል። በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ጥቅም የነበረው ነገር እዚህ ጉዳት የሚሆነው እንዲህ ነው።

የዋጋው ነገር

የመኪና ዋጋ በሽያጩ ቀን አያልቅም። በ2012 ዓ.ል የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አዲስ ሆነው የሚገቡትን በሞተር መጠን ለይቶ ነበር፤ እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ያረጁት ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ እንዲደርስ ተደረገ። ከ2016 ዓ.ል ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫም አብሮ ወጣ።

እንግዲህ ዛሬ የሚሸጥ የነዳጅ ስፖርት መኪና ቀድሞ የገባና ሌሎች የነዱት ነው። በመንገዳችን ላይ ብዛት የሌለው መኪና መለዋወጫው ውድ፣ መካኒኩ ጥቂት፣ ሲሸጥም ገዢው ጥቂት ነው። ቶዮታ ኮሮላ ግን ዲኤክስ ከሚባለው ዘመን ጀምሮ በየከተማው መካኒክና መለዋወጫ አለው፤ መልሶ ሲሸጥም ዋጋው አይወድቅም። በነገራችን ላይ ዲኤክሷም እንደ ጀርመኖቹ በኋላ ጎማ የምትገፋ ናት፤ ስለዚህ ይህ ብቻውን የቅንጦት ምልክት አይደለም።

በወለድ መበደሩን በተመለከተ ለእኛ መልሱ ግልጽ ነው። ቅንጦትን በሪባ መግዛት ሁለት ጥፋት ነው፤ አንዱ ሪባው፣ ሁለተኛው ኢስራፉ። በእውነት የሚያስፈልግ መኪና ሆኖ ገንዘብ ካልሞላ የሙራበሓ መንገድ አለ። ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ አሳውቆ፣ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ል ሥራ ከጀመረ በኋላ ሒጅራ ባንክም ተከትሎታል።

«ኤሌክትሪኩስ?» የሚል ይኖራል። በ2014 ዓ.ል መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ማድረጉ ገበያውን ከፍቶላቸዋል። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ ክብደታቸው ታች ነው፤ መንገድ አያያዛቸውም መልካም ነው። ቁልቁለት ሲወርዱም ሞተሩ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ሆዳቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ብርቱ ሙቀትም የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ሰው የት የት እንደሚሞላ አስቀድሞ ማወቅ ግዴታ ነው።

የኋላው ወንበር

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፣ ልቡ ግን አልተመለሰም። በማግስቱ ደላላው መኪናዋን ለሙከራ ሲያመጣ እኔ መሪውን ያዝኩና ልጁን፣ «አንተ ከኋላ ግባ» አልኩት። የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከመርካቶ እስከ አየር ጤና ሄደን ተመለስን። ጉልበቱ ደረቱ ጋር ደርሶ፣ ራሱ ጣራውን እየነካ አንድ ቃል አልተናገረም። ስንቆም እኔ ወርጄ ወንበሩን እስካጥፍለት መጠበቅ ነበረበት።

ወጥቶ ሱሪውን እያራገፈ፣ «አጎቴ፣ እማማ ከዚህ ልትወጣ አትችልም» አለ።

«ከፊት ትቀመጣለች እንበል» አልኩት።

«ታዲያ አባቴና እህቶቼ?» ብሎ ራሱ መለሰው።

ብድር ሳንነካ ዕድሜዋ የገፋ ባለ አራት በር ኮሮላ ተገዛች። ከመክፈላችን በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከርን፤ ቦሎዋ የታደሰ መሆኑን፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ አለመሆኑን አየን። በተረፈው ገንዘብ አራት አዲስ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት ቀየርን። አንባቢም መኪና ሲገዛ ከዋጋው ላይ ለእነዚህ ሦስቱ አስቀድሞ ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

እናታችን ከጅማ ሐኪም ስትመለስ ሾፌሩ የልጅ ልጇ ነበር። እኔም አብሬ ነበርኩ። ከጎሬ አልፈን መውረድ ስንጀምር ማርሹን ቀነሰ፤ ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩንባ ቢነፋበትም ዳር ይዞ አሳለፈው እንጂ አልተፎካከረም። እናታችን ከፊት ወንበር ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። የቀሰቀሳት የቆላው ሙቀት ነው። ነጠላዋን ከራሷ ላይ እያነሳች ወደ ልጁ ዞረችና፣

«ቁልቁለቱ አለፈ እንዴ?» አለችው።