ሥዕል ይዞ ገበያ መቀመጥ

ሐራ ገበያ ዕቃ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ገዢ መጥቶ ይነካካል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ይሄዳል። በአሜሪካ አገር ለሠዓሊዎችም እንዲህ ያለ ገበያ አለ። «ኮሚክ ኮን» ይሉታል።

ኮሚክ ማለት ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነገር መጽሐፍ ነው። ቃሉ ጥቂት ነው፤ ቢከብድም ሥዕሉ ያግዛል። ገበያው በሳንዲዬጎ ከተማ በ1962 ዓ.ም. ሲጀመር የመጣው ሰው 300 ያህል ነበር። ዛሬ ከ130 ሺህ ይበልጣል።

ሠዓሊው ጠረጴዛ ይከራያል። መጻሕፍቱን ይደረድራል። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። አላፊው ቆም ብሎ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። ባጭሩ ካልነገሩት ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል። ካልተሸጠ ኪራዩም ስንቁም ከኪስ ነው። ታዲያ ለምን ይሄዳል? አንባቢውን በዓይኑ ለማየት ነው። ልጁ የትኛው ሥዕል ላይ እንደሳቀ፣ የትኛውን ገጽ እንደዘለለ ያያል። ይህን ማተሚያ ቤት አይነግረውም።

በሥዕል ታሪክ መንገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ 44 ቦታ ከፍለው፣ ይሥሉታል። የውጭ አገር ሰዎችም እየገዙ ወስደውታል።

አዲስ አበባ ያደገው ብስራት ደበበ ደግሞ አሜሪካ ሆኖ «ጀምበር» የተባለ ኮሚክ አወጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ነው። ጀግናው አማኑኤል ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ቀርቧል። አማርኛውን እዚያ አገር ማን ይገዛዋል? እዚያው ተወልዶ ገና ፊደል የሚቆጥር ያገራችን ልጅ ይሆናላ!