የተቀባው መቃንና የጎረቤት ድርሻ



በጸሎተ ሐሙስ ዕለት በአዘናም ሆነ በእንጅባራና በዳንግላ በብዙ ኦርቶዶክሳውያን ቤቶች ጉልባን ይዘጋጃል። የባቄላ ክክና ስንዴ አብሮ ይቀቀልና ጨው ተነስንሶበት ጎረቤት ከጎረቤት ይቀማመሰዋል። ልጆች «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ ትልልቆቹ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፤ የእስራኤል ልጆች ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ መቈየት ስላልቻሉ ቂጣ ጋግረውና ንፍሮ ቀቅለው መንገድ ጀመሩ ይላሉ። ንፍሮው በኦሪት ዘጸአት አይገኝም፤ ቂጣውና ጥድፊያው ግን ተጽፎአል። እኛ ወንጌላውያን ይህን ልማድ ባንይዘውም፣ ያቺ ሌሊት በአገራችን ምጣድና ድስት አጠገብ ስትወራ መኖርዋን ልንንቅ አይገባንም።

ከጣና በስተ ሰሜን፣ በጎንደር ምድር፣ ቤተ እስራኤል በፋሲካ በግ ያርዱ፣ ሰባት ቀንም ቂጣ ይበሉ ነበር። የቀድሞ ቋንቋቸው የአዊ ሕዝብ ከሚናገረው ከአውንጊ ጋር የአንድ የአገው ዘር ነው። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት ጥቂት ነበር።

ስለዚያች ሌሊት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከብዙ ዓመታት በፊት የሰማሁት አንድ ቃል ነው። እህል በሚታደልበት ስፍራ ቆመን ሳለን ከእኛው ወገን የሆነ አንድ ሰው ሰልፉን እያየ፣ «ይህ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው፤ በኃጢአታቸው የመጣ መቅሠፍት ነው» አለ። ልጅ ያዘለች አንዲት እናት ሰማችው። ቀና ብላ አየችውና መልሳ ወደ መሬት አቀረቀረች። እኔም ዝም አልሁ። እንዲህ ያለው ንግግር ዛሬም በጉባኤዎቻችን ውስጥ ስለሚሰማ፣ ፋሲካ በእርግጥ ስለ ፍርድ ምን እንደሚያስተምር መመርመር ያስፈልገናል።

በመጀመሪያ ፍርዱ ለምን መጣ? ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ሕፃናት ወደ ወንዝ እንዲጥሉ አዝዞ ነበር። ሕዝቡንም በጡብ ሥራ አስጨነቀ፤ ጭዱን ከልክሎ የጡቡን ቍጥር ግን አልቀነሰም። ጩኸታቸው ወደ እግዚአብሔር ወጣ። እንግዲህ ፍርዱ የወረደው በተራቡትና በተገፉት ላይ ሳይሆን ስለ እነርሱ ነው። ድንገትም አልወረደም፤ ከአሥረኛው መቅሠፍት በፊት ዘጠኝ ነበሩ፣ ሙሴም ደጋግሞ አስጠነቀቀ። በረዶው ሊወርድ ሲል ከፈርዖን ባሪያዎች መካከል ቃሉን የፈሩት አገልጋዮቻቸውንና ከብቶቻቸውን ወደ ቤት አስገቡ፣ ተረፉም። እነዚህ ግብፃውያን ነበሩ! የምሕረት በር ከእስራኤል ውጭ ላለውም ክፍት እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

በአሥረኛው ሌሊት ደግሞ እስራኤላዊ መሆን ብቻውን አላዳነም። ደም ያልተቀባበት ቤት የማንም ይሁን የማን ጥላ አልነበረውም። በዙፋን ከተቀመጠው ጀምሮ ከወፍጮ በኋላ እስካለችው ገረድና በግዞት ቤት እስካለው እስረኛ ድረስ የበኵር ልጅ ሞተ። ይህን ክፍል ሳነብ ያቺ ገረድ ሁልጊዜ ትከብደኛለች። ሕፃናትን ወደ ወንዝ የጣለች እርስዋ አይደለችም። የንጉሥ እልከኝነት በደሀ ቤት ደጃፍ ላይ እንደሚያርፍ እኛም በአገራችን አይተነዋልና ነገሩን አቃልዬ ማለፍ አልችልም።

ምሕረቱ በበጉ ነበረ። ነውር የሌለበት፣ የአንድ ዓመት ተባት ጠቦት በወሩ በአሥረኛው ቀን ይመረጣል፤ እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ይጠበቅና በምሽት ይታረዳል። ደሙ በሳሕን ውስጥ ቢቀር ግን ጥቅም አልነበረውም። በሂሶጵ ቅጠል ተነክሮ ጉበኑና ሁለቱ መቃኖች መቀባት፣ ቤተ ሰቡም እስኪነጋ ከደጅ አለመውጣት ነበረበት። ታዛዥነታቸው ይህ ነው። ዋጋ ሊባል አይችልም፤ ቅጠል ይዞ በር መቀባት የማን ደመወዝ ይሆናል? የዕብራውያን መልእክት ይህን ሥራ እምነት ብሎ ይጠራዋል፤ ጳውሎስም ፋሲካችን ክርስቶስ እንደ ታረደ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎአል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች በተለይ ዘጸአት ምዕራፍ 12 ቍጥር 4ን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ቤተ ሰቡ ለአንድ ጠቦት የሚያንስ ከሆነ ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር እንዲካፈል፣ ድርሻውም በሰዎቹ ቍጥርና እያንዳንዱ በሚበላው መጠን እንዲታሰብ ታዝዞአል። የሞት ጥላ በደጅ ሳለ እግዚአብሔር ቤተ ሰብ ያስቈጥራል! እናንተ በመዝገባችሁ ላይ የቤተ ሰብ ብዛት ስትጽፉ የምታደርጉት ይኸው ነው፤ አሰልቺ የጽሕፈት ሥራ ብቻ አይምሰላችሁ። ብቻዋን የምትኖር መበለት በጉ አይበዛባትም፣ ከሌላው ጋር ትቀመጣለች፤ ስምንት ልጆች ያሉትም እንደ ሁለት ሰው አይሰፈርለትም። በዘዳግም ምዕራፍ 15 ደግሞ ነፃ የሚወጣ ባሪያ ባዶ እጁን እንዳይሰደድ ታዝዞአል፤ ከመንጋውም ከአውድማውም ይሰጠዋል። ምክንያቱም ሰጪው ራሱ በግብፅ ባሪያ ስለ ነበረ ነው።

አሁን ወደዚያ ሰው ቃል ልመለስ። በ1880 ዓ.ም. በጀመረው በክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰ፤ የሚያርስ ጠፋ፤ አንበጣም ተጨመረበት። ሕዝቡ የግብፅን መቅሠፍቶች ማስታወሱ አያስደንቅም። ነገር ግን በሽታው በምፅዋ በኩል ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር እንደ ገባ ይታወቃል፤ በክትባት ተዋግተውትም በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የ1977ቱን ረኀብ ያባባሱት ድርቅ ብቻ ሳይሆን ጦርነትና የመንግሥት አሠራርም ነበሩ። ለወሎ ገበሬ አስቀድሞ «በርህን ቀባ» ያለው ሙሴ አልተላከም። ከእግዚአብሔር እንዲህ ያለ ቃል ሳይመጣ የጎረቤትን ረኀብ ፍርድ ብለን የመሰየም ሥልጣን ከየት አገኘን? ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ናቸው መባልን አልተቀበለም። ንስሓ እንዲገቡ የነገራቸው በዙሪያው ቆመው ይሰሙት የነበሩትን ነው።

እንዲህ ስል ፍርድ የለም ማለቴ አይደለም። እህል ደብቆ ዋጋ የሚያስወድድ፣ ለድሆች የመጣውን ዱቄት ከመጋዘን የሚያወጣ፣ ዘመዱን በዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ባዕዱን የሚሰርዝ ሰው የፈርዖንን ታሪክ ቀስ ብሎ ያንብብ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በጉባኤያችን ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

ያቺን እናት ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ስምዋ በመዝገቡ ላይ ነበረ፤ በስምዋም አጠገብ የቤተ ሰብዋ ቍጥር፣ አምስት። የአምስት ሰው ድርሻ ተሰፍሮላት ሄደች።