ዌብሳይት ከኮድ በፊት የሚሠራው የት ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 የአሜሪካ መንግሥት ዜጎች የጤና መድን የሚገዙበትን ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የተባለ ድረ ገጽ ከፈተ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ጎረፈ። በዚያ ቀን ምዝገባውን ከዳር ያደረሱት ግን 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ሥራውን የወሰዱት ኩባንያዎች በዚያው ወር ኮንግረስ ፊት ቀረቡ። የሁሉም ድርሻ ተገጣጥሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሞከረው ድረ ገጹ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንደነበር መሰከሩ። ጎብኚው የመድን ዋጋ ከማየቱ በፊት አካውንት እንዲከፍት የሚያስገድደው ውሳኔም የመጣው ዘግይቶ ነው። በዚህ የተነሳ ያ ሁሉ ሕዝብ ገና ከመነሻው አንድ ጠባብ በር ላይ ተጨናነቀ። ባለሙያም ገንዘብም አልጠፋም፤ የጠፋው የሥራው ቅደም ተከተልና ሙሉውን በኃላፊነት የሚከታተል አንድ አካል ነው። ኋላ የተጠራው የነፍስ አድን ቡድን ጠዋትና ማታ አጭር ስብሰባ እያደረገ፣ ማን ምን እንደያዘና ምን እንደቆመበት በየቀኑ እያጣራ ነው ድረ ገጹን ወደ ሥራ የመለሰው።

ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ሆቴል ዌብሳይት የሚሠራ አምስት ስድስት ሠራተኛ ያለው ድርጅትም የሚደናቀፈው እዚሁ ላይ ነው። ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል መስሎ ይታያል፤ የደንበኛው ፍላጎት ይጠናል፣ የገጾቹ ዝርዝር ይወጣል፣ ዲዛይነሩ ንድፉን ያቀርባል፣ ዴቭሎፐሩ ይገነባል፣ ተፈትሾ ርክክብ ይደረጋል። ሰው ሁሉ ጊዜ የሚፈጀው ኮዱ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ሥራውን አንቆ የሚይዘው ጽሑፉ ነው። «እኛ እንልካለን» የተባለው የ«ስለ እኛ» ገጽ አይመጣም። የሠራተኞቹ ፎቶ አልተነሳም። ሎጎው የሚገኘው ቢዝነስ ካርድ ላይ ብቻ ነው። ዲዛይነሩም እጁን አጣጥፎ ላለመቀመጥ ባዶውን ቦታ «ሎረም ኢፕሰም» በሚባለው፣ ከሲሴሮ ድርሰት ተቆራርጦ በተወሰደ የላቲን ቃላት ይሞላዋል።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ይህ ልማድ ጉዳቱ እጥፍ ነው። በላቲን ፊደል ያማረ ንድፍ የግዕዝ ፊደል ሲገባበት ሌላ ነገር ይሆናል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው፣ ርእስን ሁሉንም በትልቅ ፊደል ጽፎ ማድመቅ አይቻልም። የተመረጠው ፎንት የራሱ ወፍራም ቅርጽ ከሌለው ኮምፒውተሩ በግምት ያወፍረዋል፤ ያኔ የ«ጨ» እና የ«ጩ» ልዩነት በትንሽ ስክሪን ላይ ይደበዝዛል። በእንግሊዝኛ አንድ አጭር ቃል የያዘ ቁልፍ በአማርኛ ሁለት መስመር ሊፈልግ ይችላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን ይዟል፤ ኖቶን የመሰሉ ነፃ ፎንቶችም አሉ። ስለዚህ ትክክለኛውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ላለማስገባት ቴክኒካዊ ሰበብ የለም። ችግሩ እቅዱ ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ነው።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ አሳይተዋል። ዳይሬክትጎቭና ቢዝነስ ሊንክ የተባሉትን ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ድረ ገጾች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 የተካው ጎቭ ዶት ዩኬ፣ በቀጣዩ ዓመት የለንደኑ ዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ተብሎ ተሸልሟል። ያሸለመው ጌጥ አልነበረም፤ ገጹ ጽሑፍ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የመንግሥቱ የዲጂታል አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥራውን በአራት ምዕራፍ ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድም ነገር አይገነባም፤ ተጠቃሚው ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ብቻ ይጠናል። በሁለተኛው አልፋ የሚሉት ሙከራ ይሠራል፤ ካልሆነም ያለ ጸጸት ይጣላል። ቤታ የሚባለው ደግሞ እውነተኛ ሰዎች እየተጠቀሙበት የሚታረም ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ አገልግሎት የሚጀምረው። ጽሑፍ አዘጋጆቹ ከመነሻው ከዲዛይነሮቹ ጋር ይሠራሉ እንጂ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ እንዲሞሉ አይጠሩም።

ትንሽ ድርጅት ይህን ሁሉ መዋቅር መሸከም የለበትም። ከቶዮታ ፋብሪካ የመጣው ካንባን የተባለው ዘዴ ይበቃዋል፤ እያንዳንዱ ሥራ በአንድ ካርድ ይጻፋል፣ ካርዱም ከ«ያልተጀመረ» ወደ «በሥራ ላይ»፣ ከዚያም ወደ «ያለቀ» ይሻገራል። ዋናው ቁም ነገር መካከለኛው ዓምድ ገደብ ያለው መሆኑ ነው፤ የተያዘው ሳያልቅ አዲስ አይጀመርም። ቢሮዎች ብዙ ጊዜ ቦርዱን ይሰቅሉና ገደቡን ይተዉታል፤ ያኔ ቦርዱ ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የደንበኛውም ሥራ ካርድ ተጽፎለት፣ ቀን ተቆርጦለት ከድርጅቱ ሥራ ጋር እኩል መታየቱ ነው።

ዌብሳይት ሊያሠሩ ያሰቡ ሁሉ ቅድመ ክፍያ ከመክፈላቸው በፊት እነዚህን ውል ላይ ያስፍሩ፦ ጽሑፉን ማን በየትኛው ቀን እንደሚያስረክብ፣ ንድፉን አይቶ የሚያጸድቀው አንድ ሰው ማን እንደሆነ፣ እርማት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ፣ ዶሜይኑም (የድረ ገጹ አድራሻ) በራሳቸው ስም እንደሚመዘገብ። ንድፉ ሲቀርብላቸውም በቢሮው ትልቅ ስክሪን ላይ አይተው አይፈርሙ። በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ በራሳቸው የአማርኛ ጽሑፍ ከፍተው ይዩት።