ሲስተም የለም ሲባል የጠፋው ምንድን ነው?

ቀድሞ የባንክ ደንበኛ ገንዘብ የሚያወጣው ሂሳቡን ከከፈተበት ቅርንጫፍ ነበር፤ መዝገቡ ያለው እዚያ ነውና። ዛሬ ደሴ ያስገቡትን አዲስ አበባ ማውጣት የተቻለው ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን በግል ኔትወርክ ስላስተሳሰሩ ነው። ይህ ኔትወርክ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ኢንተርኔት አይደለም።

በአሠራር ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ ኔትወርክ ጥር 1 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተሮች መልእክት ወደሚለዋወጡበት የቲሲፒ/አይፒ ደንብ ተሸጋገረ፤ ኢንተርኔት የተስፋፋው ይህን ደንብ የሚከተሉ ኔትወርኮች እርስ በርስ እየተያያዙ ነው። የባንኩ ኔትወርክም በዚሁ ደንብ ይሠራል። የሚለያቸው የመግባት ፈቃድ ያለው ማን ነው የሚለው ነው።

ቴለሩ የሂሳብ ቁጥርዎን ሲያስገባ ጥያቄው ባንኩ ከቴሌ በተከራየው መስመር ወደ ዳታ ሴንተሩ ይሄዳል። እዚያ ኮር ባንኪንግ የሚባለው ሶፍትዌር ሂሳቡን አይቶ መልስ ይሰጣል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ቪፒኤን ነው፤ ኬብሉ የሌሎችንም መልእክት ያመላልሳል፣ የባንኩ ግን ከሌላው ተለይቶ ይጓዛል። ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት በኩል ሲገባ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳያነበው መልእክቱ ይመሰጠራል።

በግል ኔትወርክ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች አድራሻም የተለየ ነው። በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች 1996 እ.ኤ.አ. በወጣ የኢንተርኔት ሰነድ ለግል ኔትወርኮች ተለይተዋል። እንደ መሥሪያ ቤት የውስጥ ስልክ ናቸው፦ አንዱ ቁጥር በብዙ ድርጅት ይገኛል፣ ከውጭ ግን በቀጥታ አይደወልበትም። በ4.3 ቢሊዮን አካባቢ የተገደበው የቀድሞው የአድራሻ ክምችት ቶሎ እንዳያልቅም ረድተዋል።

ባንኩ ግን በሩን ዘግቶ መኖር አይችልም። የአንዱን ካርድ በሌላው ኤቲኤም ለመጠቀም ባንኮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ ኢትስዊች የተባለ ድርጅት አለ። የሞባይል መተግበሪያው በኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ በመጀመሪያ ፋየርዎል ይፈትሸዋል፤ ከዚያም ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው መካከለኛ ሰርቨር ነው። ስልክዎ ዋናውን መዝገብ በቀጥታ አይነካም።

ስለዚህ «ሲስተም የለም» ሲባሉ የጠፋውን መገመት ይቻላል። ጎረቤት ቅርንጫፍ እየሠራ ከሆነ ምናልባት የተቋረጠው የዚያ ቅርንጫፍ መስመር ነው። ሁሉም ቅርንጫፎች ከቆሙ ችግሩ ወደ ዳታ ሴንተሩ ይጠጋል። መተግበሪያው እምቢ ብሎ ቴለሩ የሚያስተናግድ ከሆነ ኢንተርኔቱን ይጠርጥሩ። የራስዎ ባንክ ኤቲኤም ከፍሎ የሌላው ከከለከለ ደግሞ መጠርጠር ያለበት ባንኮቹን የሚያገናኘው መንገድ ነው።