የጥላቻ ድርጊትና የጥላቻ ወንጀል፦ ተማሪዎች ልዩነቱን ለምን ማወቅ አለባቸው?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2015 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ቻፕል ሂል ከተማ አንድ ሙስሊም የጥርስ ሕክምና ተማሪ፣ ባለቤቱና የባለቤቱ እህት በጎረቤታቸው በጥይት ተገደሉ። ፖሊስ መጀመሪያ ላይ ግድያውን በመኪና ማቆሚያ ከተነሳ ጠብ ጋር አያያዘው። ቤተሰቦቻቸው ግን ሙስሊም በመሆናቸው እንደተገደሉ ተናገሩ። ገዳዩ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥፋቱን አምኖ በሦስት የዕድሜ ልክ እስራት ተቀጣ፤ በጥላቻ ወንጀል ግን አልተከሰሰም።

ለምን? በአሜሪካ የየግዛቱ ሕግ ቢለያይም፣ የጥላቻ ወንጀል በጥቅሉ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ድርጊቱ ራሱ ወንጀል መሆን አለበት፦ ድብደባ፣ ዛቻ ወይም ንብረት ማውደም። ሁለተኛ፣ ተጎጂው የተመረጠው በሃይማኖቱ፣ በዘሩ ወይም በመሰል ማንነቱ እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። ከባዱ ይህ ሁለተኛው ነው፤ በልብ ያለ ነገር በማስረጃ መታየት አለበትና።

የጥላቻ ድርጊት የሚባለው ደግሞ ጥላቻው እያለ ድርጊቱ ለብቻው ወንጀል ሳይሆን ሲቀር ነው። አንድ ሰው ሒጃብ የለበሰች ተማሪን «ወደ አገርሽ ሂጂ» ቢላት፣ ንግግሩ አስነዋሪ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ከክስ ይከላከልለታል። ሒጃቧን ከጎተተ ወይም እገድልሻለሁ ካለ ግን ወደ ወንጀል ተሻግሯል።

ወንጀል አይደለም ማለት ዝም ይባላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር የሚደርስ ትንኮሳን ችላ እንዳይሉ ያስገድዳል። ሙስሊም ተማሪም ትንኮሳው ከዘሩ ወይም ከትውልድ አገሩ ጋር ሲያያዝ በዚሁ ይጠበቃል። ለትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት ለማለት በመደበኛነት ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የተመዘገቡ የጥላቻ ወንጀሎችን ቁጥር በየዓመቱ የማሳወቅ ግዴታም አለባቸው። ያልተነገረ ነገር ግን አይቆጠርም።

ስለዚህ ጥቃት የደረሰበት ተማሪ፦

• አደጋ ካለ መጀመሪያ ወደ 911 ይደውል፤
• የተባለውን ቃል ሳይለውጥ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጨምሮ በዚያው ቀን ይጻፍ፤
• የስድብ ጽሑፍ ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ ያንሳ፣ የስልክ መልእክቶችንም አያጥፋ፤
• የምስክሮችን ስም ይያዝ፤
• ለዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ አመልክቶ ቅጂውን ያስቀምጥ።

ዛሬ «ተራ ስድብ ነው» ተብሎ የታለፈ ቃል፣ ነገ ያው ሰው እጁን ቢያነሳ ዓላማውን የሚያስረዳው ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። አላህ ልጆቻችንን በያሉበት ይጠብቅልን።