ለጋ አእምሮና የቅሬ ጥበቃ

በሐይቅና በአምባሰል ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፣ ዛሬ ከሚጨነቅባቸው ነገሮች አንዱ፣ ልጁ ዕድሜው ሳይጸና፣ ኅሊናውም መልካሙን ከክፉው ለይቶ መያዝ ሳይችል፣ በጫት፣ በአረቄና በሲጋራ እንዳይያዝበት ነው። ይህ ጭንቀት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፍሬ የሚሰጠው በቁጣ ሲገለጥ ሳይሆን፣ በዕውቀት ተመርቶ በጎረቤታሞች ስምምነት ሲታሰር ነው።

ጫት በአገራችን ትናንት የገባ እንግዳ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሡትን የዐፄ ዓምደ ጽዮንን ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕል እንኳ ስሙን ያነሣል፤ በወሎም ሸኾችና አረጋውያን ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ጉባኤና በዱዓ ጊዜ በሥርዓት ሲቅሙት ኖረዋል። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ «ክፉ ነው» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ ልጁ በአያቱ ቤት ያየውን እያሰበ ቃሉን ይጠራጠራልና፣ የሚሻለው የቅጠሉን ጠባይ ገልጦ ማስረዳት ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ በ1975 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወጣው ሲሆን፣ በአሠራሩ አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ይመስላል። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ካቲኖን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ደካማ ነገር ስለሚለወጥ፣ ነጋዴው እርጥበቱ ሳይጠፋ ለገበያ ለማድረስ ይጣደፋል። ይህ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ሲደርስ ዶፓሚን የሚባለውን፣ ደስታንና ምኞትን የሚያነሣሣውን መልእክተኛ ያበዛል፤ ምርቃና የሚመጣው ከዚህ ነው። ምርቃናው ሲበርድ ግን ድብርትና እንቅልፍ ማጣት፣ ለለመደውም ሐራራ፣ ሲተወውም ዱካክ የሚባለው አስፈሪ ሕልም ይከተላል፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ወደሚባለው መጠጥ የሚሄደውም በአንዱ ሱስ ላይ ሌላውን ይደርባል።

በውርዝውና ዘመን ጉዳቱ የሚከብደው በአንጎል አስተዳደግ ምክንያት ነው። ደስታን የሚሻው የአንጎል ክፍል ልጁ ወደ ጉርምስና ሲገባ ፈጥኖ ይነቃል፤ ከግንባር በስተኋላ ያለው፣ ነገን አስቦ የዛሬን ፈቃድ የሚገታው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ መብሰሉን አያቆምም። በእርጥብ ምርጊት ላይ ያረፈ ጣት ምርጊቱ ከደረቀ በኋላም ምልክቱ እንደሚኖር፣ በዚህ ዘመን የተለመደ ነገርም ሥር ይሰዳል፤ በለጋነቱ የጀመረ ሰው፣ ዘግይቶ ከጀመረው ይልቅ በሱስ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ የወላጅ ተቀዳሚ ዓላማ ማዘግየት ነው፤ የዘገየ እያንዳንዱ ዓመት ለልጁ አእምሮ ትርፍ ነው።

ታዲያ የሚያዘገየው ምንድን ነው? በአሜሪካ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊሶች በየክፍሉ እየገቡ ተማሪዎችን ስለ አደንዛዥ ነገር የሚያስጠነቅቁበት ትምህርት እጅግ ተስፋፍቶ ነበር፤ ተደጋግሞ ሲመረመር ግን ልማዱን እንዳልቀነሰ ታወቀ። አይስላንድ የተባለችው ደሴት በሌላ መንገድ ሄደች። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ልጆቿ 42 ከመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደነበር ሲናገሩ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 5 ከመቶ ወረደ። ወላጆች ልጆቻቸው በምሽት ስለሚገቡበት ሰዓት ተስማሙ፤ ከልጆቻቸው ጋር የሚያሳልፉትን ጊዜ አበዙ፤ መንግሥትም ለስፖርትና ለሙዚቃ ገንዘብ መደበ።

በእኛ ቤት ይህ የሚጀምረው ከትንሹ ነገር ነው። አባት ልጁን ጫት ወይም ሲጋራ ገዝቶ እንዲያመጣ አይላከው፤ እናትና አባት ልጃቸው የት፣ ከማን ጋር፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይወቁ፤ እራት አብረው ይብሉ። ልጁ ቅሞ ወይም ጠጥቶ ቢገኝም፣ ልቡናው ሲመለስ በእርጋታ ይነጋገሩት እንጂ ከቤት አያባርሩት፤ የተባረረ ልጅ የሚጠጋው ወደ ቃሚዎች ነውና። እንቅልፍ አጥቶ ሐሳቡ ቢቃወስ፣ ከማፈር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይበልጣል።

ይሁንና አንድ ቤት ብቻውን በር ቢዘጋ የጎረቤቱ በር ክፍት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትንባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ነገር ግን ሕግ በየደጃፉ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ይሻል። ወሎ ለዚህ የሚሆን ማኅበር አስቀድሞ አለው፤ ቅሬ። ክርስቲያኑና እስላሙ ሙታኑን አብሮ የሚቀብርበት፣ ኀዘንተኛውን የሚያጽናናበት፣ የቀረውን የሚቀጣበት ይህ ሥርዓት፣ ቃሉ ስለሚከበር ልጆችንም ለመጠበቅ ሥልጣን አለው። የመንደሩ ባለሱቅና ጫት ሻጭ የቅሬው አባል እንደ መሆናቸው፣ ለተማሪ እንዳይሸጡ የሚወሰነው እነርሱ ባሉበት ነው።

መከልከል ብቻውንም ባዶ ሰዓት ይተዋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ወጣቶችን ሰብስበው በጸሎት፣ በንባብና በመጻፍ አስተምረዋቸዋል፤ የወጣት ጊዜ ሥራ ይሻልና። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ምድር ሲያልፍ ትምህርት የተቋረጠበትና ልቡ የቆሰለ ልጅ ደግሞ ይህን ከማንም ይልቅ ይሻል። የኳስ ሜዳ፣ የንባብ ክፍል፣ በአገሩ ስም የተጠራውን የአምባሰልን ቅኝት በማሲንቆ የሚማርበት ቦታ፣ ከተግሣጽ ያላነሰ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ የቅሬ ዳኞች በሚመጣው ስብሰባቸው ሦስት ነገር ይወስኑ ዘንድ እለምናለሁ፦ ለተማሪ ጫትም አረቄም ሲጋራም እንዳይሸጥ፤ ልጆች በምሽት የሚገቡበት ሰዓት በመንደሩ ሁሉ አንድ እንዲሆን፤ ማንኛውም አባል የጎረቤቱን ልጅ ባልተገባ ቦታ ቢያገኝ መክሮ ወደ ቤቱ እንዲመልሰው፣ ወላጁም ስለዚህ እንዳይቀየም። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አዋቂዎች አስቀድመው እርስ በርሳቸው ቃል እንዲገቡና ቃላቸውን እንዲጠብቁ ነው።